የመኖሪያ ቤት የእሳት ደንብ ከአገር አገር ለምን ይለያያል? ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ አንቱታ ስለማታበዛ እዚህም በ«አንተ» እና በ«አንቺ» እንነጋገር። እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ነው። ዱባይ ያለው በስልክ አንድ ነገር ይመክራል፣ ለንደን ያለው ሌላ፣ ሰሚው መሀል ላይ ግራ ይጋባል። የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው ጽፌያለሁ።

ለንደን ያለው ወንድሜ «ጎረቤት ቤት ሲቃጠል በርህን ዘግተህ ቆይ» ይለኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ «ምንም ሳትይዝ ሩጥ» ትላለች። ማንን ልስማ?

ሁለቱም የሚያወሩት ስለሚኖሩበት ሕንፃ ነው። እንግሊዝ አገር ፎቅ ቤት ሲሠራ እያንዳንዱ መኖሪያ ለብቻው እንደታሸገ ሳጥን ይታሰባል። ግድግዳውና ወለሉ እሳቱን ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲይዙት፣ የመግቢያው በር ደግሞ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋና ለ30 ደቂቃ የሚቋቋም እንዲሆን ይጠበቃል። እሳቱ ያልነካው ሰው ቤቱ ቆይቶ ደረጃውን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይለቃል። ይህ ስሌት ልክ የሚሆነው እሳቱ በተነሳበት ቤት ውስጥ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ላይ ስሌቱ ፈረሰ። አራተኛ ፎቅ ላይ ማቀዝቀዣ ተቃጠለ፤ እሳቱ በመስኮት ወጥቶ ሕንፃው ሲታደስ በውጭ የተለበጠውን፣ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ አሉሚኒየም ያዘ። ውጭ በወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ባለ 24 ፎቁ ሕንፃ አናት ላይ ደረሰ። «ባላችሁበት ቆዩ» የሚለው ምክር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 እስኪሆን አልተነሳም። 72 ሰው ሞተ። መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር።

እህትህ የምትለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ኒው ዮርክ ውስጥ አከራይ በእያንዳንዱ ቤት በር ጀርባ ላይ ማስታወቂያ እንዲለጥፍ ይገደዳል፤ ሕንፃው እሳት የሚቋቋም ከሆነና እሳቱ አንተ ቤት ካልሆነ ቆይ፣ የማይቋቋም ከሆነ ውጣ የሚል ነው። እዚያው ከተማ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ጥር 9 ቀን 2022 አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እሳት አስነሳ። ነበልባሉ ከዚያ ቤትና ከፊቱ ካለው ኮሪደር ብዙም አልራቀም። የሸሹት ሰዎች በር ግን ራሱን መዝጋት ሲገባው ክፍት ቀረ፤ 17 ሰው የሞተው በጭሱ ነው።

ሁለቱን ያስማማቸው በሩ ነው። ስትወጣም ዝጋው፣ ስትቆይም ዝጋው።

እኔ ድሬ፣ ሳቢያን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እኔስ ምን ላድርግ?

እሳቱ አንተ ቤት ከሆነ ሰው አስወጣ፣ በሩን ዘግተህ ውጣ፣ ጎረቤት እየጠራህ ውረድ። ሌላ ቤት ከሆነና ደረጃው ጭስ ከሌለው ውረድ። እኛ ጋ ራሱ የሚዘጋ በር ስለሌለ «ቆይ» የሚለውን የእንግሊዞች ምክር እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። ደረጃው በጭስ ከተሞላ ግን አትግባበት፤ ተመለስ፣ በሩን ዝጋ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በረጠበ ፎጣ ጠቅጥቀህ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ጋ ቁም።

የብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን ደረጃና ኮሪደር ለአየር ክፍት መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጭሱ ይበተናል። ይህንን ዕድል በገዛ እጃችን እናበላሸዋለን። የደረጃውን ሥር በቆርቆሮ ዘግቶ መጋዘን የሚያደርግ አለ፣ የከሰል ማዳበሪያ የሚደረድር አለ፣ የአሮጌ ፍራሽ ክምር አለ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃና ኮሪደር የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ «የኔ በር ፊት ነው» የሚል ክርክር አያስኬድም። ስብሰባ ላይ አንሳው፤ ፍራሽ እሳት ሲይዝ ምን ያህል ጭስ እንደሚያወጣ ያየ ሰው አይከራከርህም።

የአገራችን ሕግ ስለዚህ ነገር ምንም አይልም?

ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። በዚያ አዋጅ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት «ሀ» ውስጥ ይገባል፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለው፣ ፋብሪካውና ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚያልፈው ሁሉ «ሐ» ነው፤ መሀል ያለው «ለ»። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የባለሙያውም ሆነ የፈቃዱ ጥያቄ ይጠብቃል። በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243 ዝርዝሩን አስከተለ። ሕግ ይሻሻላልና ፕላን ከማሠራትህ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ጠይቅ።

እንደኔ አስተያየት ችግራችን የሚጀምረው ሕንፃው አልቆ ሰው ከገባበት በኋላ ነው። ፕላኑ ላይ የነበረው ሁለተኛ መውጫ ከጊዜ በኋላ ሱቅ ይሆናል፤ ሰገነቱ በቺፑድ ተከፋፍሎ ይከራያል። ነሐሴ 31 ቀን 2023 ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ከ70 በላይ ሰው የሞተበት ሕንፃም እንዲህ የተከፋፈለ ነበር፤ የተቆለፈ የብረት በር ደግሞ ሰዉን መውጫ ከለከለው። ደቡብ አፍሪካ ደንብ አጥታ አልነበረም።

«ረጅም ሕንፃ» የሚባለው ስንት ሜትር ሲሆን ነው?

እንደየአገሩ ነው። ጀርመን 22 ሜትር፣ አሜሪካ 23 ሜትር ገደማ፣ እንግሊዝ ለመኖሪያ 18፣ ፈረንሳይ ለመኖሪያ 50 ይላሉ። ብዙዎቹ ሜትሩን የሚለኩት እስከ ጣሪያው አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት የመጨረሻው ወለል እስካለበት ነው። ጀርመኖች 22 ላይ የቆሙት የእሳት አደጋ መኪና መሰላል እዚያ ድረስ ስለሚደርስላቸው ነው። ስለዚህ የእኛ ከተማ መሰላል ስንት ሜትር እንደሚደርስ ሳታውቅ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አትግዛ ባልልህም፣ ጠይቀህ ግዛ እላለሁ።

አንድ ደረጃ ብቻ ያለው አፓርታማ በሌላ አገር ክልክል ነው ይባላል። እውነት ነው?

የትኛው አገር? አሜሪካ ከሦስት ፎቅ በላይ የሆነ የመኖሪያ ሕንፃ በአብዛኛው ሁለት ደረጃ ይፈልጋል፤ ኒው ዮርክና ሲያትል ግን በቅድመ ሁኔታ እስከ ስድስት ፎቅ በአንድ ይፈቅዳሉ። እንግሊዝ ከግሬንፌል በኋላ ሐሳቧን ቀይራ ከመስከረም 30 ቀን 2026 ጀምሮ ከ18 ሜትር በላይ ለሚሠሩ አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ አድርጋለች። ጀርመን ከ22 ሜትር በታች አንድ ደረጃ ይበቃል ትላለች።

የጀርመኑን ሰምተው «ይኸው፣ አውሮፓም አንድ ይበቃል ይላል» የሚሉ አልሚዎች አሉ። የደንቡን ሌላውን ግማሽ ትተውት ነው። እዚያ ሁለተኛው መውጫ የእሳት አደጋው መሰላል ራሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ሰው የሚወጣበት መስኮት ተለይቶ፣ ለመኪናው የሚቆምበት ቦታ ተለክቶ ይታቀዳል፤ እዚያ ቦታ ላይ ማንም መኪና አያቆምም። አንተ ቤት መስኮት ሥር ማን ነው የቆመው? ባጃጅ፣ የሠርግ ድንኳን፣ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ። መሰላሉ የማይደርስበት ሕንፃ ከሆነ አንዱ ደረጃ በእውነትም አንድ ብቻ ነው።

ለሌባ ብዬ መስኮቱን ሁሉ ብረት አስበይጃለሁ። ይህም የእሳት ጉዳይ ሆነ?

ከሁሉም በላይ ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ገዚራም ሂድ፣ መጋላ፣ ሳቢያንም፣ ከጁገል ግንብ ውጭ ያለው አዲሱ ሐረርም፣ መሬት ላይ ያለው ቤት ሁሉ መስኮቱ በፍርግርግ ብረት ተዘግቷል። በሩ ላሜራ ነው፤ ማታ ከውስጥ ይቆለፍና ቁልፉ አባወራው ትራስ ሥር ያድራል። እሳቱ ከሳሎን ቢነሳ መኝታ ቤት የተኛ ልጅ በየት ይውጣ?

የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ሰው የሚወጣበት መስኮት ይጠይቃል። ሲከፈት ቁመቱ ከ61 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ51 እንዳያንስ ይላል፤ ነገር ግን ጠቅላላው ክፍተት 0.53 ካሬ ሜትር መሙላት ስላለበት ሁለቱንም በትንሹ ማድረግ አይቻልም፤ ስፋቱ 51 ከሆነ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ማለፍ አለበት። የመስኮቱ ክፍተት ከወለሉ ከ112 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እንዳይጀምርም ተወስኗል፣ ልጅም አዛውንትም እንዲደርስበት። ብረቱ አልተከለከለም። ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ መከፈት አለበት ነው የተባለው።

ይህ የበያጅ ሥራ ነው። ያለውን ፍርግርግ አታስነቅል፤ ከመኝታ ቤቱ አንዱን መስኮት መርጠህ የብረቱን ግማሽ አስቆርጠህ በሁለት ማጠፊያ እንደ በር አስደርገው፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጥምለት። መቀርቀሪያው ከውጭ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ በላሜራ ቁራጭ ተሸፍኖ ይቀመጥ። በያጁ «ቁልፍ ጨምርበት» ይልሃል፤ እምቢ በል። ጨርሶ ሲሄድ መብራቱን አጥፍተህ ልጅህ በዳበሳ እንድትከፍተው አድርግ፤ ካልቻለች በያጁን መልሰህ ጥራ። ቀለም ሲቀባም ማጠፊያው እንዳይጣበቅ ተከታተል።

የላሜራው በር ቁልፍስ? በሩ አጠገብ፣ ከመስታወት ርቆ፣ ሁሉም የሚያውቀው ምስማር ላይ።

የጭስ ማንቂያ ሌላ አገር ግዴታ ነው? እኔ ቤት ዕጣን ሲጨስ የሚጮህ ከሆነ አልፈልገውም።

ፈረንሳይ ከመጋቢት 2015 ጀምሮ በእያንዳንዱ ቤት ግዴታ ነው። ጀርመን በ16ቱም ግዛቶች፣ ጃፓን ደግሞ ከ2006 ጀምሮ በአዲስ ቤት፣ ከ2011 ወዲህ በነባሩም። እኔ የስኮትላንድን እመርጣለሁ። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ሳሎንና መተላለፊያ ላይ የጭስ ማንቂያ፣ ወጥ ቤት የሙቀት ማንቂያ፣ ከሰል ወይም ጋዝ የሚነድበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ጋዝ) ማንቂያ ያዛሉ፤ የጭሱና የሙቀቱ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘው አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮሃሉ።

የሙቀት ማንቂያውን ነው ለአንቺ የምመክርሽ። ጭስ አይሰማም፤ ክፍሉ ከመጠን በላይ ሲግል ብቻ ይጮሃል። ቡና የሚቆላበትና ጊርጊራው (የዕጣን ማጨሻው) የሚቀመጥበት ሳሎን ውስጥ እሱን፣ ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ደግሞ የጭሱን አድርጊ። ዘመድ ሲመጣ ሽቶና ቸኮሌት ከሚያመጣ ሁለት ማንቂያ ያምጣ፤ ባትሪው አሥር ዓመት የሚቆይ ዓይነት አለ። የድሬ አቧራ ቀዳዳውን ይደፍነዋልና አልፎ አልፎ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ።

ማንቂያ ተገዛም አልተገዛም፣ ከሰል ያለበት ማንደጃ ክፍል ውስጥ ይዞ መተኛት የለም። ሐረር ብርድ ሲሆን ይህ በተለይ ይረሳል።

ስፕሪንክለርስ (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውኃ የሚረጨው)? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሠራል?

ሕንፃው የራሱ ታንከርና ፓምፕ፣ መብራት ሲሄድ ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር ካለው ይሠራል። ከከተማው ቧንቧ ጋር ቀጥታ ከተያያዘ ለጌጥ ነው። ዌልስ ከ2016 ጀምሮ ለአዳዲስ ቤቶች ሁሉ አዛለች፤ እንግሊዝ ከ30 ሜትር ወደ 11 ሜትር አውርዳ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከዚያ በላይ ለሚሠሩ አዳዲስ አፓርታማዎች። ውኃው ሌሊትና ቀን የማይቋረጥበት አገር የወጣ ደንብ መሆኑን አትርሳ።

ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም በአንዴ አይረጭም። የሚከፈተው የጋለው ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ብርጭቆ ሙቀት ሲነካት ትሰበራለች። እዚህ ላይ ለድሬ አንድ ጉዳይ አለ። ቀይዋ ብርጭቆ በ68 ዲግሪ ነው የምትሰበረው፣ የታሰበችውም ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከ38 ለማያልፍበት ቦታ ነው። የድሬ ቆርቆሮ ሥር በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ 38 ዲግሪ ምንም አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በ79 የምትሰበረው ቢጫ ወይም በ93 የምትሰበረው አረንጓዴ ናት የምትገጠመው። አስመጪው ቀይ ብቻ ካመጣ ኮርኒሱ ሥር እንጂ ቆርቆሮው ሥር አታስገጥም።

ጁገል ውስጥ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ከተማ ምን ያደርጋል?

ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ መኪና ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጠባብ መንገዶች ብዙዎቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍባቸው ናቸው። ጁገል ከ1998 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነውና መንገዱን አስፍተን መኪና እናስገባ ማለት አይታሰብም፤ መሆንም የለበትም።

ጃፓን ውስጥ ሽራካዋ የሚባል፣ ቤቶቹ ጣሪያቸው የሣር ክዳን የሆነ፣ እሱም የዓለም ቅርስ የሆነ መንደር አለ። መኪና መጠበቅ ትተው ውኃውን አስቀድመው መንደሩ ውስጥ አስገቡት። ከመንደሩ በላይ ካለ ማጠራቀሚያ ውኃ የሚወርድላቸው 59 መርጫዎች በየቦታው ተተክለዋል፤ በየዓመቱ መፀው ሲሆን ነዋሪው ሁሉንም በአንዴ ከፍቶ ይሞክራቸዋል።

ጁገል በተፈጥሮው ከሽራካዋ ይሻላል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ አይቃጠልም፤ ከቤት ወደ ቤት እሳት እንዳይሻገርም ያግዳል። የሚቃጠለው የጣሪያው እንጨት፣ ነደባው (የመቀመጫው መደብ) ላይ ያለው ምንጣፍና ፍራሽ፣ ከሁሉ በፊት ግን የጣሪያውን እንጨት ተከትሎ በምስማር የተመታው አሮጌ ሽቦ ነው። ሽቦውን መቀየር ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ቀጥሎ በየሰፈሩ አንድ ሮቶ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ፓምፕና ረጅም ጎማ ቢኖር፣ ቁልፉን አፎቻው (የሰፈሩ ዕድር) ቢይዘው፣ ከማንም ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ባዶ እጁን አይቆምም። ሐረር ውኃ እንዴት እንደሚገኝ ለሐረር ሰው አልነግርም፤ ሮቶው «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ እንዳይቀዳ ነው ከባዱ ሥራ።

ቤቴ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ልግዛ?

ግዢ፣ የዱቄቱን። መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዪ፤ ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አታስቀምጪው። ዘይት ሲቃጠል ውኃ አይደፋም፤ ክዳን ይደፋበታል።

ዱባይ ያሉት ፎቆችም ተቃጥለዋል። ለምን እንደ ግሬንፌል ሰው አላለቀም?

ቶርች የሚባለው ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ በ2015ም በ2017ም ተቃጥሏል፤ የውጭ ልባሱ ሲነድ ዓለም ሁሉ በቪዲዮ አይቶታል፤ በሁለቱም ጊዜ ሰው አልሞተም። እዚያ ነዋሪው እንዲወጣ ነው የተደረገው፤ ለንደን እንዲቆይ። ኤምሬትስ በኋላ የልባሱን ደንብ አጥብቃለች፤ ሐሰንቱክ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ቤት ማንቂያዎችን በቀጥታ ከሲቪል መከላከያው ጋር ታያይዛለች።

ድሬ ላይ አሁን ፎቁ ሁሉ ውጩን በአሉሚኒየም እየተለበጠ ነው። ልባሱን ሲያመጡልህ አንዱን ቁራጭ ጠርዙን ተመልከት፤ በሁለቱ ስስ አሉሚኒየሞች መካከል ያለው ጥቁር ነገር ፕላስቲክ ነው። አቅራቢው «እሳት አይዘውም» ካለ ወረቀቱን ያሳይ።

ከዱባይና ከሳዑዲ የተላከልን ዕቃ እዚህ ሲሰካ ይግላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የኤምሬትስ ሶኬት እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ነው። የዚያ ሰኪ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ፊውዝ አለ፤ ገመዱ ከአቅሙ በላይ ሲስብ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። እኛ ጋ ስለማይገባ ሰኪው ተቆርጦ ባለ ሁለት ጥርስ ይቀጠልበታል፤ ፊውዙም አብሮ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ያንን ገመድ የሚጠብቀው ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የተመጠነው ለቤቱ ሽቦ እንጂ ለቀጭኗ ገመድ አይደለም።

የአሜሪካው ዕቃ ለ120 ቮልት ከሆነ 220 ላይ ወዲያው ይቃጠላል፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት አትሰኪው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ባለ 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካም፣ ከብሬከሩ የራሱ መስመር ይሳብለት። የዱባዩን ሰኪ ሳትቆርጪ ጥርሱን የሚቀበል ጠንካራ ማገናኛ ግዢለት፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ገመዱ መነሻ ላይ ፊውዝ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይግጠምለት።